የግንቦት ጥቁር ክር

የበደለችኝ የክርስትና እናቴ ናት። የበደለችኝም ንጉሡ እንጦጦ ላይ በከተሙ ጊዜ፣ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ገና ሲቆም፣ በግንቦት ወር ነው። ስሟን አልጠራም። ዘሮቿ ዛሬም ቀበና ወንዝ ዳር አሉ፤ እኔን ሲያዩ መንገድ ይለውጣሉ።

ይህን የምነግርሽ ጧት ያሳየሽኝ ወረቀት ስላስቆጣኝ ነው። ያ ከሚሲዮኖቹ ትምህርት ቤት ያመጣሽው፣ ጠቅልለሽ በጥቁር ክር ያሰርሽው። «ለነፍሴ ብዬ የወሰንኳቸው ቁርጥ ሐሳቦች ናቸው፣ እማማ» አልሽና አነበብሽልኝ። ጧት ጧት መቁጠሪያ መድገም፣ ማታ ኅሊናን መመርመር፣ ዓርብ ዓርብ የመስቀልን መንገድ መጸለይ፣ ሐሜት መተው። ይህ መልካም ነው። መጨረሻ ላይ ግን «የምወደውን አንድ ነገር መተው» አልሽ። ያን ጊዜ ነው ውሃ አምጪልኝ ብዬ ያስወጣሁሽ። ውሃ አልጠማኝም ነበር። አሁን ተቀመጪና ስሚ።

እናቴ የኮተቤ ገበሬ ነበረች። አባቴ በፈንጣጣ ሞተ። እኔን ከፈንጣጣ ያዳኑኝ ካቶሊኩ ሚሲዮን፣ ፈረንጁ አባ ናቸው፤ ክንዴን በስለት ጫር አድርገው መድኃኒት ቀቡልኝ። ጠባሳው ይኸውልሽ። እናቴ ልጄን ያዳነ ሃይማኖት ይበቃኛል ብላ አብራኝ ተጠመቀች። እኔን ክርስትና ያነሳችኝ ባሏ የንጉሡ ግምጃ ቤት ሰው የነበረ ሴት ናት። ስምንት ዓመት ሲሆነኝ «ቤቴ ትደግ፣ ጸሎትም ፈትልም አስተምራታለሁ» ብላ ወሰደችኝ። እናቴ እንዲህ ያለችን እመቤት እምቢ የምትልበት አፍ አልነበራትም።

ብዙም ሳይቆይ ፈረንጁ አባ ከአገር ውጡ ተባሉና ሄዱ። የክርስትና እናቴ እሑድ እሑድ ማርያም ቅጥር ውስጥ ነጠላዋን አጣፍታ እንደ ሰው ሁሉ ትቆማለች፤ ቤት ስንገባ በሩን ዘግታ መቁጠሪያዋን ከጎተራው ውስጥ ታወጣለች። ሲወጣ ጤፍ ጤፍ ይሸታል። ቤቱ የካ ተራራ ወገብ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ባሕር ዛፍ የሚባል አልነበረም፤ ዙሪያው ጥድ ነው። ጧት ፀሐይ በግድግዳው ስንጥቅ ገብታ እንዝርቴ ላይ ታርፋለች፣ የጥጡ ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ይንሳፈፋል። ቤቱ ውስጥ እንደ እኔ ቀጭን የሚፈትል አልነበረም። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው።

ፈረንጁ አባ ፊደል ለማይቆጥሩ ሴቶች የተዉት አንድ ሥርዓት ነበር። ግንቦት የእመቤታችን ወር ነው፤ ወሩ የሚገባበት ዕለት ሁላችን በጉልበታችን ተንበርክከን፣ ዓይናችንን ጨፍነን፣ ከሙዳይ ውስጥ አንድ አንድ ክር እናወጣለን። ነጭ የወጣላት ወሩን ሙሉ ከንቱ ወሬ አታወራም። ቀይ የወጣላት ምሳዋን ትታ ለድኻ ትሰጣለች። ጥቁር የወጣላት ከሁሉ አብልጣ የምትወደውን ትተዋለች። ማታ ማታ ኅሊናችንን ስንመረምር እንዴት እንደ ዋልን ለክርስትና እናቴ እንናገራለን።

በዚያ ዓመት አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። የክርስትና እናቴ ልጅ ነጭ አወጣችና ሳቀች፤ እናቷም «ይኸው ጀመረች፣ ለፍላፊ!» አለቻት። የቤቱ አሮጊት ገረድ ቀይ አወጣች፤ «እኔማ መቼ ምሳ በልቼ አውቃለሁ» ብላ አጉረመረመች። የእኔ ተራ ሲሆን የክርስትና እናቴ ሙዳዩን ይዛ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባችና ተመለሰች። እጄን ከተትኩ። ጥቁር ነው።

«ከሁሉ አብልጠሽ የምትወጂው ምንድን ነው?» አለችኝ።

መዋሸት ኃጢአት ነው ተብዬ ያደግሁ ነኝ። «እናቴን» አልኩ።

«እንግዲያው ወሩ እስኪያልቅ እናትሽን አታያትም። ለእመቤታችን ስጦታ ነው። ታዲያ በደስታ ይሁን፤ እያለቀሱ የሰጡት ስጦታ አይደለም።»

እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ወደ እንጦጦ ስትወጣ በእኛ በኩል ታልፍ ነበር። አይብ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ታመጣልኛለች፣ አጥሩ ሥር ተቀምጠን ራሴን ትዳብሳለች። እጇ ቅቤና እርጥብ አፈር ይሸታል። ስትጠራኝ በኦሮምኛ ነው፣ «ኢንተለ ኮ»፣ ልጄ ማለት ነው፤ ሌላውን ሁሉ በአማርኛ ትናገራለች፣ ይህን ግን በአማርኛ ብላው አታውቅም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ድምፅዋን ስሰማ ምሰሶውን አቅፌ አለቀስኩ። ማታ ማልቀሴን ተናገርኩ፤ የክርስትና እናቴም አንገቷን ነቀነቀች። በሁለተኛው በስንጥቁ አጮልቄ እግሯን ብቻ አየሁ፤ ጭቃ የደረቀበት፣ ተረከዙ የተሰነጠቀ። ያንንም ተናገርኩ። «ዓይንሽ ሰረቀ» አለችኝ። አፈርኩ። አየሽ፣ ያ ሥርዓት እንዲህ አድርጎ ይይዛል፤ ማንም ሳይመታሽ አንቺው ራስሽን ትገርፊያለሽ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ቆረጥኩ። እናቴ ከበር ላይ ስትጣራ ከምፈትለው ጥጥ ቆንጠር አድርጌ በሁለቱም ጆሮዬ ከተትኩ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና እየፈተልኩ በልቤ «ሰላም ለኪ» ደገምኩ። ያን ቀን ረጅም ጊዜ ቆመች። ይህን ያወቅሁት በበሩ ሥር የሚገባው ብርሃን በጥላዋ ተቆርጦ ስለቆየ ነው። ጥላው እስኪሄድ ድረስ ስንት እንደፈተልኩ አላውቅም። ማታ ጥጡን ስናገር የክርስትና እናቴ ግንባሬን ሳመችኝ። በዚያ ቤት በኖርኩበት ዘመን የሳመችኝ ያን ቀን ብቻ ነው፤ እኔም በደስታ ስንቀጠቀጥ አደርኩ።

በአራተኛው ቅዳሜ እናቴ አልመጣችም። ስጦታዬን አውቃ ልትረዳኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

ሰኔ በገባ በመጀመሪያው ቀን ጎህ ሲቀድ ከተራራው ወርጄ፣ የየካን ግርጌ ይዤ ወደ ኮተቤ ሮጥኩ። በልቤ የምነግራትን አዘጋጅቻለሁ፤ እንዴት እንደቻልኩ፣ የክርስትና እናቴ እንዴት እንደ ሳመችኝ። ግቢያችን ስደርስ የማላውቀው ፈረስ ታስሯል። አንዲት ሴት ገብስ ታሰጣለች።

«ማንን ፈልገሽ ነው፣ ልጅ?»

«እናቴን። ቤታችን ነው።»

ሴትዮዋ ወንፊቷን አስቀመጠች። ክፉ ሴት አልነበረችም። «የቀድሞዋን ባለቤት ነው? መሬቱ ለባሌ ለወታደርነቱ ተሰጠው እኮ፣ እቴ። እሷ ከወንድሟ ጋር አዋሽን ተሻግራ ሄደች፤ ሳምንት አለፋት።»

«የት ብዬ ልፈልጋት?»

«እኔ አገሩን የት አውቄ። ልጅ የለሽም ወይ ብላት ግን ‹አንዲት ነበረችኝ፣ ለእግዚአብሔር ሰጠኋት› አለችኝ። አንቺ ነሽ?»

ዞሬ ሮጥኩ። ወደ የካ ስመለስ ዝናብ ጀመረ።

የነገረችኝ አሮጊቷ ገረድ ናት፤ ማድቤት ውስጥ፣ ዓይኗን ከድስቱ ሳታነሳ። በሦስተኛው ቅዳሜ እናቴ በር ላይ ቆማ «መሬቴን ተነጠቅሁ፣ አገር ልለቅ ነው፣ ልጄን ይስጡኝና ይዣት ልሂድ» ብላለች። የክርስትና እናቴም «ልጅሽ ስእለት ገብታለች፣ ልታይሽ አትፈልግም፤ ብታስገድጃት ኃጢአቱ ባንቺ ነው» አለቻት። እናቴ አላመነችም። «ከአፏ ልስማ» አለች። ከዚያ ስሜን እየጠራች ስትለምን ቆየች።

«እኔ እኮ ትሰሚያለሽ ብዬ ነበር» አለችኝ ገረዷ። «ድንጋይ ልብ ያላት ልጅ ብዬ ረግሜሻለሁ። ሙዳዩን ይዛ ውስጥ ስትገባ ደግሞ አይቻታለሁ፤ ነጩንም ቀዩንም አውጥታ ጥቁር ብቻ ነው የተወችልሽ።»

ወደ ክርስትና እናቴ ገባሁ። ለልጇ ሠርግ የሚሸመነውን ድር እየቆጠረች ነበር፤ ኩታው ገና ግማሹ አላለቀም፣ ፈትሉም የእኔ ነው።

«እናቴ ልትወስደኝ እንደመጣች ለምን አልነገሩኝም?» አልኳት።

«ቁርጥ ሐሳብሽን ላፈርስብሽ ኖሯል?»

«ሙዳዩ ውስጥስ ለምን ጥቁር ብቻ ተዉልኝ?»

አልደነገጠችም። «እግዚአብሔር በእኔ እጅ መረጠልሽ። እዚያ ሄደሽ ጭቃ ከምትረግጪ ይሻልሻል። ይልቅ ይኼ ፈትል ሰሞኑን ወፍሯል፣ ምን ነካሽ?»

አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ንግግር በልቤ ሳመላልሰው ኖሬያለሁ። አንዳንዴ ነፍሴን አስባ ነው እላለሁ፤ ኩታው ትዝ ሲለኝ ግን እተዋለሁ። ይቅር በያት ብለው የመጡ ቄስ ነበሩ፣ ቡና እንኳ ሳላቀርብላቸው ሸኘኋቸው። ግን እውነቱን ልንገርሽ ካልኩ አይቀር፣ ክሩን የመረጠችው እሷ ናት፤ ጥጡን ጆሮዬ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ይህን እስከ ዛሬ ለሰው ተናግሬው አላውቅም፣ አንቺም እንዳትናገሪው።

በሳምንቱ ወደ ማርያም ወጣሁና ለደብሩ አለቃ የክርስትና እናቴ የፈረንጁን ጸሎት በስውር እንደምትጸልይ ነገርኳቸው። ቤቷ ሲወረስ፣ ባሏ በሰንሰለት ሲታሰር ለማየት ነበር። አለቃው ጢማቸውን እየዳበሱ «እናውቃለን፣ ልጄ» አሉኝ። «ባሏ የግምጃ ቤት ሰው ነው። ለዚህ ቤተ ክርስቲያን መጋረጃ የሰጠችም እሷ ናት። አንቺ ዝም በይ።» ምንም አልሆነም። ልጇም በኔ ፈትል አጊጣ ተዳረች።

ከዚያ ኮተቤ ወረድኩና ለወታደሩ ሚስት ገረድ ሆኜ ገባሁ። እናቴ ብትመለስ ሌላ የምታውቀው ቤት አልነበራትም። ውሃ ቀዳሁ፣ ገብስ ፈተግሁ፣ እኔ በተወለድኩበት መደብ ላይ ልጆቻቸውን አስተኛሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራዬን ደጅ እያወጣሁ መንገዱ ዳር እቀመጥ ነበር፤ እናቴ ግን አልመጣችም።