በሱሉልታ ረግረግ የተከልኳቸው ችካሎች

ለሁለተኛ ዲግሪዬ ከሱሉልታ ረግረግ ጭቃ ለመውሰድ ስነሳ፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት አውጥቼ በፕላስቲክ ሸፍኜ ያዝኩ። ከታቹ «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላት» ይላል። ከተማዋን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ነገር አካባቢውን ሁሉ ያመሰበት ጊዜ ነበር። እኔ ተከራይቼ የምኖርባት ቡራዩ መንገዷ በድንጋይ ተዘግቶ ሰንብቶ ገና መከፈቱ ነው። እናቴ ደውላ ቅሪ ብላኝ ነበር። ግን ጽሑፌን የማስረክብበት ቀን ደርሷል፤ ጭቃው ካልተገኘ ዓመቴ ይቃጠላል። እልኸኛ ነኝ፣ ሄድኩ።

የምፈልጋቸው ባክቴሪያዎች ሐምራዊ ናቸው። አየር በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ ይኖራሉ፤ እንደ ተክል በብርሃን ያድራሉ። ደግነቱ ጥቂት ነገር ይበቃቸዋል፤ ከላይ ያለው ሣርና አልጌ ጥሩ ጥሩውን ብርሃን ይበላባቸዋል። እነሱ ዘንድ የሚደርሰው ትራፊው ነው፤ ከቀይ ወዲያ ያለ፣ የእኛ ዓይን የማያየው ብርሃን። ይህን ትራፊ የሚያውቅላቸው አንድ ፕሮቲን አለ። በሆዱ ቀለም ያላት ትንሽ ሞለኪውል አቅፏል። ብርሃን ሲነካት ትጠመዘዛለች፤ እሷ ስትጠመዘዝ ፕሮቲኑ ቅርጹን ይለውጣል፤ የቅርጹ ለውጥ ደግሞ ወደ ውስጥ እየተላለፈ ሄዶ ብርሃን መሰብሰቢያው እንዲሠራ ትእዛዝ ይሆናል። ዓይን የለ፣ አንጎል የለ። እኔ በዚህ ነገር ፍቅር ይዞኝ ነበር፣ አላፍርበትም።

ወደ ጭቃው የሚዘልቀው ብርሃን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ የለካሁበትን ሁሉ ምልክት ማድረግ ነበረብኝ። አናታቸው ቀይ የተቀባ አሥራ ሁለት ችካሎች ይዤ ሄጄ በመስመር ተከልኩ። በዚያ ሰሞን፣ በዚያ አገር፣ እንደ መሬት ቀያሽ ቀይ ችካል። የተማረ ይግደለኝ ይላል የአገሬ ሰው።

የመጨረሻውን መትቼ ቀና ስል አምስት ወጣቶች ከበውኛል። በትር ይዘዋል። ከኋላቸው ቦት ጫማ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ይመጣሉ። ረግረጉ በበጋ የሳቸው ከብቶች ግጦሽ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ከወጣቶቹ አንዱ ማን እንደላከኝ ጠየቀኝ። በኩራት ደብዳቤዬን አወጣሁ። ማኅተሙን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ለሌሎቹ በኦሮምኛ የነገራቸውን በደንብ አልተከታተልኩም፤ «ላፋ» የምትለዋን ግን አውቃታለሁ፣ መሬት ማለት ናት። ለቀያሾቹም ደብዳቤ የሚጽፈው ያው ጽሕፈት ቤት ነበር። ያስጥለኛል ያልኩት ወረቀት ወንጀሌ ሆነ። ብሮጥ ጭቃው አያስሮጥም።

ከዚያ ሣሩ ላይ ያቆምኩትን ጠርሙስ አዩ። በጥቁር ፕላስቲክ የተጠቀለለ ነው። ሁሉም ወደ ኋላ አሉ፤ አንዱ እንዳልነካው ጮኸብኝ። ሽማግሌው ብቻ ተጠግተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። በዓይን የማይታዩ፣ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናቸው አልኳቸው። ክፈቺው አሉኝ።

ጠፍጣፋ ጠርሙስ ነው። የቦታውን ብርሃን ለመሞከር ከቤተ ሙከራ ያመጣሁትን፣ በባክቴሪያዎቹ የቀላ ውሃ ሞልቼበት፣ ፕላስቲኩ ላይ ጣት የምታህል መስኮት ቀድጄ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ አቁሜዋለሁ። ስገልጠው፣ በመስኮቷ ልክ ደማቅ ቀይ መስመር ቆሟል፤ ግራና ቀኙ የነጣ ውሃ ነው።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት። እነዚህ የማይታዩት ነገሮች ብርሃኑን ፈልገው መምጣታቸው እንደሆነ ጠየቁኝ። አይደለም አልኩ። ብርሃን የት እንዳለ አያውቁም፤ ዝም ብለው ሲዋኙ ጨለማው ጋ ይደርሱና ደንግጠው ይመለሳሉ፤ እንዲህ እየደነገጡ ብርሃኑ ውስጥ ይቀራሉ። እውነቱን ለመናገር ማስደንገጡ በሌላ ስልት የሚሠራ እንጂ የእኔ ፕሮቲን ሥራ አይደለም። በትር በያዘ ሰው ፊት ግን ዝርዝር ውስጥ አልገባሁም።

አንደኛው ወጣት ፈገግ አለ። ሽማግሌው አልሳቁም።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቀያሽ እንዳልሆንሽ አመንኩ» አሉኝ። «ነገ ግን ይሄን ችካል የሚያየው ጎረቤቴ ነው፤ መሬቱን ሰጠ ይለኛል። ከነገ ወዲያ ደግሞ ከቢሮ የሚመጣው ያየዋል፤ ተለክቶ ያለቀ ነው ይላል። አንድም እንዳይቀር።»

መንቀል ጀመርኩ። አሥራ አንድ ወጣ። አንዱ ረግረጉ ውስጥ ሰምጦ ጠፋ። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ወጣቶቹ በትራቸውን ጥለው እስከ ክንዳቸው ጭቃ ውስጥ ገቡ፤ ፀሐይ እያዘቀዘቀች እኔም አብሬያቸው በእጄ ዳበስኩ። በመጨረሻ ሽማግሌው ራሳቸው በቦት ጫማቸው አገኙት።

አፈሩንም እንድመልስ አዘዙኝ። ስድስት ጠርሙስ ሙሉ ጭቃ ነበረኝ። አንድ በአንድ እያፈሰስኩ አለቀስኩ። በሳቸው ላይ ተናድጄ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ የተናደድኩት በራሴ ነው። ስድስተኛውን ላፈስ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ይሄን እኔ ሰጥቼሻለሁ» አሉ፣ ወጣቶቹም እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «የጠየቀሽ ካለ ባለቤቱ ሰጠኝ በይ።»

እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ፤ ታክሲ እስካገኝም አብረውኝ ቆሙ። ጽሑፌ በዚያች አንድ ጠርሙስ ተሠራ፣ ተመረቅሁም። ናሙናውን የሰጠው ማን እንደሆነ የሚጻፍበት መስመር ባዶ ነው። አስተማሪዬ ለምን ብለው ሲጠይቁኝ፣ ጊዜው ክፉ ስለሆነ ለሰውየው ደኅንነት ነው አልኳቸው፤ አመሰገኑኝ። ውሸቴን ነው። ያን ቀን ሙሉ ስለ ባክቴሪያ ሳወራላቸው ውዬ፣ ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም።