ንጹህ ነው?

«እትዬ ድጋሚ» የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። ፊት ለፊት አይጠሯትም፤ እሷ ግን ታውቃለች፣ ቅርም አይላትም። በሆስፒታሉ የኩላሊት እጥበት ክፍል ጓሮ፣ ከውሃ ማጣሪያው አጠገብ ባለች አንድ መስኮት ብቻ ባላት ጠባብ ላብራቶሪ ውስጥ ስትሠራ ጸጉሯ ሸብቷል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድን ነገር አንዴ ለክታ አምናው አታውቅም። «እስቲ ድጋሚ ልየው» ትላለች። ቤቷን ቆልፋ ከወጣች በኋላ ከመንገድ ተመልሳ የበሩን እጀታ የምትነቀንቅ፣ ምድጃውን አጥፍታ መጥፋቱን ደግሞ በእጇ ዳብሳ የምታረጋግጥ ሴት ናት። ፈሪ ናት፤ ምን ይደረግ፣ አፈጣጠሯ ነው። ደግሞስ ሰው ደሙን አምኖ የሚሰጣት ሴት ፈሪ ብትሆን ምን ክፋት አለው?

ሥራዋ ለሰሚው ቀላል ነው። ከከተማው ቧንቧ የሚመጣው ውሃ ክሎሪን አለበት። ለሚጠጣው ሰው ችግር የለውም፤ ሆድ ይችለዋል። በእጥበት ማሽኑ በኩል ደም ጋ ከደረሰ ግን ቀዩን የደም ሕዋስ ያፈነዳዋል። ስለዚህ ውሃው መጀመሪያ በከሰል ማጣሪያ ያልፋል፤ ከሰሉ ክሎሪኑን ያስቀራል። ማስቀረቱን የምታረጋግጠው እሷ ናት። ከማጣሪያው ወዲህ ካለው ቧንቧ በትንሽ የመስታወት ቱቦ ውሃ ትቀዳለች፣ አንዲት ነጭ ክኒን ትጨምርበታለች፣ በቀጭን ዘንግ እየደቆሰች ታሟሟታለች፣ ከዚያ ቱቦውን ነጭ ወረቀት ፊት ይዛ ታያለች። ውሃው ሮዝ ከሆነ ክሎሪን አምልጧል ማለት ነው፤ ማንም ማሽን ላይ አይወጣም። ጥርት ብሎ ከቀረ ሰዎቹ ይገባሉ። ታዲያ ያንን የጠራ ውሃ በሌላ ቱቦ ደግማ ሳታይ «ግቡ» ብላ አታውቅም።

ከሚገቡት ሰዎች አንዱ ታናሽ ወንድሟ ነው። ልጆች አሳድጓል፣ ፀጉሩም ከመሀል አናቱ መሳሳት ጀምሯል፤ እሷ ግን ዛሬም ማሙሽ ትለዋለች። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተችባቸው አዝላም ቆጥታም ያሳደገችው እሷ ናት። ኩላሊቶቹ ከከዱት ወዲህ ማሽኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት በላብራቶሪው በር አንገቱን ብቅ ያደርጋል።

«እታለም፣ ንጹህ ነው?»

«ንጹህ ነው፣ ግባ።»

«ድጋሚ አይተሽዋል?»

«አንተ ደግሞ! አይቼዋለሁ አልኩህ እኮ።»

እሱም እየሳቀ ይሄዳል። በፍርሃቷ ሊያሾፍባት ነው ብላ ነበር የምታስበው።

ነገሩ የሆነበት ዕለት፣ የጥገና ሠራተኞቹ ትልቁን የውሃ ታንከር በበረኪና አጥበው ያደሩበት ጠዋት ነበር። «ደጋግመን አለቅልቀነዋል» ብለው ቁልፉን መለሱ። ለታንከሩ እጥበት ሲባል ክፍሉ ተዘግቶ ስለነበረ ሕመምተኞቹ ተራቸው አልፏቸዋል፤ ማሙሽም ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ መጣ። ቁርጭምጭሚቱን በአውራ ጣቷ ብትጫነው የጎደጎደው ሥጋ አልመለስ አለ። የዚያን ቀን ከበሩ ላይ ሆኖ መሳቅም አልቻለም።

«እታለም... ንጹህ ነው?»

«ቆይ፣ አሁን ላየው ነው። ተቀመጥ።»

እሷም ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ተደፍኗል። የበረኪና ሽታ ቢኖርም ደግሞ ማን ልብ ይለዋል? ጽዳት ሠራተኛዋ በየማለዳው ኮሪደሩን በሱ ነው የምታጥበው። ውሃውን ቀዳች፣ ክኒኗን ጨመረች። ክኒኗ ውሃውን እንደነካች ዙሪያዋን አንዳች ሮዝ ነገር ብልጭ አለና ጠፋ። ዓይኗ በጉንፋኑ እያለቀሰ ነበርና የእንባዋ ብልጭታ መሰላት። አማሰለች፣ ወረቀቱ ፊት ያዘችው። ጥርት ያለ ውሃ። እንደ ልማዷ በሌላ ቱቦ ደገመችው፤ ያቺው ብልጭታ፣ ያው ጥርት ያለ ውሃ። ከዚህ በላይ ምን ትሁን? ወደ ክፍሉ አንገቷን አስግጋ «ሲስተር፣ ግቡ» አለች። ኃላፊ ነርሷም ከሁሉ የባሰበት እሱ ነውና ማሙሽን አስቀደመችው።

እሷ ቱቦዎቿን ወደ ማጠቢያው ወሰደች። የመጀመሪያውን ደፋችው፤ በሥሩ ሳይሟሟ የቀረ የክኒን ፍርፋሪና ጥቂት የውሃ ጠብታ ቀረ። ልታለቀልቀው ከጠርሙሱ የተጣራ ውሃ ሞላችበት።

ውሃው ቀላ።

ክው ብላ ቀረች። ማለቅለቂያ ውሃ አይቀላም፤ ምንም የሌለበት ውሃ ነው። ያኔ ተማሪ ሳለች አስተማሪያቸው በመሀል ጣል አድርጎት ያለፈው ነገር ትዝ አላት። ክሎሪን ልክ ሲያልፍ ቀለሙን ራሱን ይበላዋል፤ በረኪና የበዛበት ጨርቅ ነጭ ሆኖ እንደሚወጣው። ያን ጊዜ የሚታየው ጥራት የባዶነት አይደለም፣ የብዛት ነው። ለማወቅ ውሃውን ማቅጠን ያስፈልጋል። የከተማው ውሃ ይህን ያህል ክሎሪን ይዞ መጥቶ ስለማያውቅ ነገሩ አጋጥሟት አያውቅም። ታንከሩ ውስጥ የቀረ በረኪና ግን ከሰሉንም አልፎ ሊመጣ ይችላል። ድጋሚ ማየቷም አልጠቀማት፤ ያንኑ ስሕተት ነው ሁለት ጊዜ የነገራት።

ፈራች። እንደ ምድጃው፣ እንደ በሩ ቁልፍ አይደለም። ጮሃ ብታስቆማቸውና ብትሳሳትስ? ማሙሽ ዛሬ ሳይታጠብ ከቀረ ልቡ ቀጥ ሊል ይችላል። ዝም ብትልስ? በአዲስ ቱቦ ከዚያው ቧንቧ ጥቂት ጠብታ ቀዳች፣ የቀረውን ቱቦ በተጣራ ውሃ ሞላችው፣ ክኒን ጣለችበት። ክኒኗ ገና ሳትሟሟ ቱቦው የቀይ ሥር ውሃ መሰለ።

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ድጋሚ አላየችም። ቱቦውን እንደያዘች ሮጠች።

«ሲስተር፣ አቁሚ! ሁሉንም አቁሚ! ውሃው ነው!»

ነርሷ አልተከራከረችም። ቱቦውን አየች፣ የሴትየዋን ፊት አየች፣ ዘላ የማሙሽን ማሽን አጥፍታ መስመሮቹን ቆለፈቻቸው። ሌሎቹ ገና አልጋቸው ላይ መቀመጣቸው ነበር፤ ማሽን ላይ የወጣው እሱ ብቻ ነው። ወደ ሰውነቱ በሚመለሰው ቱቦ ውስጥ ያለው ደም ቀለሙ ተለውጦ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ መጠጥ መስሏል።

«እታለም፣ ወገቤን... ደረቴንም ጫን አለኝ» አላት።

ማሽኑ ውስጥ ያለው ደም ተበላሽቷልና አይመለስለትም ተባለ። ዶክተሩ መጥቶ አየውና በአምቡላንስ ወደ ሌላ ሆስፒታል እንዲሄድ አዘዘ። እሷም ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ተከትላ ወጣች። መንገዱን ሙሉ እግሮቹን ይዛ ተቀመጠች፤ እግሮቹ ቀዝቃዛ ናቸው። ዓይኑን በከደነ ቁጥር «ማሙሽ! ማሙሽ!» እያለች ትቀሰቅሰዋለች።

«እኔ ነኝ ግቡ ያልኩት» አለችው መጨረሻ ላይ። «በአፌ፣ ንጹህ ነው ብዬ።» እሱ አፉና አፍንጫው ላይ ኦክስጅን ተደርጎለት ያያታል።

በሌላው ሆስፒታል ደም ሰጡት፣ ልቡን እየተከታተሉ አቆዩት። ሕመሙ ጋብ ሲልለት፣ አሁን መታጠብ አለበት፣ ሊቆይ አይችልም አሉ። የሰው ክፍል፣ የሰው ማሽን፣ የሰው ውሃ። አንዲት የማያውቋት ነርስ መርፌውን አዘጋጅታ ክንዱን ጠየቀችው። እሱ ግን ክንዱን ደረቱ ላይ አጥፎ ወደ እህቱ ዞረ።

«እታለም፣ ንጹህ ነው?»

አሁን አልሳቀም። ምላሷ ከልማዱ የተነሳ «ንጹህ ነው» ሊል ተንደርድሮ ነበር፤ ነክሳ ያዘችው።

«አላውቅም፣ ማሙሽዬ። የዚህን አላየሁትም።»

«ስቄ የምጠይቅሽ እኮ ፈርቼ ነው» አላት ቀስ ብሎ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እፈራለሁ። ግባ ስትዪኝ ነበር የሚለቀኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዛሬ ጠዋት ለሞት የሰጠችው ሰው፣ ፍርሃቱን ሁሉ ለሷ አስረክቦ እየሳቀ ሲገባ ኖሯል።

«ሌላ ሰው ይይልህ፣ ወንድሜ። የኔን ዓይን አየኸው አይደል?»

«አየሁት። ያቆመውም እሱ ነው» አለና ክንዱን ይበልጥ ጠበቅ አደረገው። «ሂጂና አንቺው እዪልኝ። እስክትመለሺ ክንዴን አልሰጥም።»

ነርሷ አንዴ እሱን፣ አንዴ የእህቱን ጋዋን አየች። መርፌውን መልሳ አስቀመጠችና «በኮሪደሩ መጨረሻ፣ በስተግራ ነው» አለች። እትዬ ድጋሚም ግድግዳውን እየተደገፈች ወደማታውቀው ላብራቶሪ ሄደች።