ከጉድጓዱ ሥር ያለው ነፋስ

ሰሞኑን ጎረቤታችን የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲያስቆፍር፣ የዚያ የጥልቁ አፈር ሽታ፣ እርጥቡ፣ ቀዝቃዛው፣ ፀሐይ አይቶት የማያውቀው፣ በመስኮት ገብቶ አፍንጫዬን ያዘኝና፣ እዚህ ፍኖተ ሰላም ልጄ ቤት ከተቀመጥሁበት አንሥቶ ቡሬ ገጠር፣ የአባዬ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ወስዶ አቆመኝ። የልጅ ልጄ ሕሊና አጠገቤ ሆና ለፈተና የምታጠናውን ጮክ ብላ ታነብ ነበር።

«ምድር እየዞረች ሳለ ለምን አይሰማንም?» ትላለች።

ፊደል ያልቆጠርሁ አሮጊት ምን ልበል? «እኔንስ ይሰማኛል፤ ወገቤን ጠይቂው» አልኋት። እሷ ሳቀች፣ የኔ ሐሳብ ግን ሸፍቶ ሄዷል።

ልጅ ሳለሁ አንድ ቦታ መቀመጥ የሚባል አልፈጠረብኝም። መስከረም ሲጠባ፣ አደዩ የፈነዳበት መስክ ላይ ክንዴን ዘርግቼ እሽከረከር፣ እሽከረከርና፣ ስወድቅ መሬቱ ከነቤቱ ከነዛፉ ሲዞር አየው ነበር። «እማ፣ ምድር ዞረች!» ብዬ ስጮህ እናቴ፣ «የዞረውስ ያንቺ ናላ ነው! አንቺ ልጅ፣ ምናለ እንደ ምድር እርግት ብትዪ!» ትለኝ ነበር። ይህችን ነገር ከዳዊቷ እኩል ትደግማት ነበር።

አፌም እንደ እግሬ ነው፣ አያርፍም። የወረወርሁት ድንጋይ ለምን ተመልሶ ይመጣል? ጢስስ ሄዶ ለምን በዚያው ይቀራል? አያቴ ቄስ ነበሩ፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዋንዛው ጥላ ሥር ጠላቸውን ይዘው አረፍ ሲሉ እሄድና አላስቀምጣቸውም ነበር።

«አባ፣ ምድር ምን ላይ ነው የተቀመጠችው?»

«ውሃ ላይ።»

«ውሃውስ?»

«ነፋስ ላይ።»

«ነፋሱስ?»

«የእግዜር ቃል ላይ» ይሉና፣ ሌላ ሳልጨምር ዋንጫቸውን አስይዘው «ሂጂ ቅጂልኝ» ይሉኝ ነበር።

በጋው ሲበረታ ምንጩ ይቀጥን ነበርና፣ እናቴ እንስራዋን አዝላ ገደሉን ስትወርድና ስትወጣ፣ እኔም ቅሌን ይዤ ከኋላዋ እዘል ነበር። የዚያን ዓመት ነፍሰ ጡር ነበረች። አንድ ቀን አቀበቱ ላይ አዳለጣትና ከነእንስራዋ ወደቀች፤ ገሉ መሃል ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ «ምንም አልሆንሁም» ስትል፣ አባዬ ፊታቸው ጠቆረ። በማግስቱ ዶማቸውን ይዘው ጓሮ ገቡና «ሳትወልጂ ውሃው ደጅሽ ይመጣል» አሏት።

ቤቱ ሁሉ ደስ ሲለው እኔ ግን እህል አልወርድ አለኝ። ምድር ያለችው ውሃ ላይ ከሆነ፣ አባዬ ምድርን ሊበሷት አይደል እንዴ? የተበሳ ቅል ውሃ ላይ ሲጥሉት ምን እንደሚሆን አውቃለሁ! ከነከብቱ፣ ከነደብሩ ስንሰምጥ ታየኝ። እናም ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር አፋፉ ላይ በሆዴ ተኝቼ ጠጠር እየለቀቅሁ ጆሮዬን እሰጥ ነበር። «ጧ» ካለ ደረቅ ነው፣ ተርፈናል፤ «ጯ» ካለ ግን አለቀልን።

«ማነው?» አሉ አንድ ቀን አባዬ ከታች። «አናቴን ልትፈነክችው ነው?»

«ውሃ መጣ ወይ ብዬ ነው አባዬ!»

«ሲመጣ እነግርሻለሁ! ዞር በይ ከዚያ!»

ከላይ ሆነው አፈሩን በገመድ የሚስቡት ጎረቤታችን አያ ደሴ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ፣ «ይቺ ልጅ እርስዎ ከሥር ሲቆፍሩ እሷ ከላይ ሞልታ ታስረክብዎታለች» አሉ። ከዚያ ወዲያ ጠጠር ተከለከልሁ።

ፋሲካ ደረሰ። በኛ ቀበሌ ከትንሣኤ እስከ ዳግም ትንሣኤ ዶማ የሚያነሣ የለም፤ ጉድጓዱም በእንጨትና በቅጠል ተከድኖ ሰነበተ። ሰው ዶሮ ወጡን ሲበላ እኔ በክዳኑ ዙሪያ እንደ እብድ ስዞር በዓሉ አለፈ። ሥራ በተጀመረበት ጠዋት፣ አባዬ ክዳኑን አንሥተው ገመዳቸውን ሲያሰናዱ፣ እኔ ከፋሲካ የተረፈች ቁራጭ ጧፌን ለኮስሁና አፉ ሰፊ ቅል ውስጥ አቁሜ በሲባጎ ቁልቁል ለቀቅኋት፤ ውሃ ካለ ሲያብለጨልጭ አየዋለሁ ብዬ ነው። ትንሽ ወረደችና ድርግም! አወጣሁ፣ ለኮስሁ፣ አወረድሁ፤ አሁንም እዚያችው ስትደርስ ድርግም! ከላይ ቅጠል እንኳ አይወዛወዝም። ታዲያ ጧፌን ማን አጠፋት?

ያን ጊዜ ገባኝ። አባዬ ነፋሱ ላይ ደርሰዋል! ውሃውን በየት በኩል እንዳለፉት እንጃ፣ ብቻ ደርሰዋል።

አባዬ ገመዱን ወገባቸው ላይ አስረው አንድ እግራቸውን ሰደዋል።

«አባዬ አይውረዱ! ነፋሱን አግኝተውታል! ይወስድዎታል!»

«አያ ደሴ፣ ይቺን ልጅ ያዙልኝ» አሉ።

አያ ደሴ ሊይዙኝ ሲመጡ ሾልኬ አመለጥሁና የአባዬን እግር ጥምጥም አልሁበት፤ እሱም አልበቃኝ፣ ባታቸውን ነከስሁት። አባዬ እንደ ኮርማ አገሡ። አያቴ ጩኸቱን ሰምተው መቋሚያቸውን እንደያዙ ሲመጡ ሊመቱኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንሁ። እሳቸው ግን ያየሁትን ሁሉ አናገሩኝና «እስቲ ጧፉን ደግመሽ አውርጂው» አሉኝ። አወረድሁ። ድርግም።

አያቴም «ዶሮ አምጡ» አሉ። ዶሮዋ በቅርጫት ወርዳ ስትወጣ አንገቷ ተልፈስፍሶ ነበር።

እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። አባዬ እግራቸውን ቀስ ብለው አወጡና፣ ሳሩ ላይ ቁጭ ብለው ባታቸውን እያሻሹ አዩኝ።

«ጥርስሽ ይባረክ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ቅጠላም ቅርንጫፍ በገመድ አስረው፣ ከፍ ዝቅ እያደረጉ ጉድጓዱን ሲያራግቡት ሰነበቱ፤ በየጠዋቱም ጧፌ ሳትጠፋ ሥሩ ካልደረሰች አይወርዱም ነበር። ክረምቱ ሊገባ ሲል ውሃው ፈለቀ። ሴቱ እልል ሲል እኔ ዋንዛውን አቅፌ ምድር እስክትሰምጥ ጠበቅሁ። አልሰመጠችም። ወንድሜም በዚያው ሰሞን ተወለደና በዚያ ውሃ ታጠበ።

ይህን ስነግራት ሕሊና መጽሐፏን አጠፈችው። «እማማ፣ ነፋስ አይደለም እኮ! ከዚህኛው የሚከብድ አየር አለ፣ እንደ ውሃ ጉድጓድ ሥር ይተኛል። ሰው የሚተነፍሰው፣ እሳትም የሚነድበት ነገር እዚያ የለም» አለችኝ።

«ምድርስ ምን ላይ ናት?»

«ምንም ላይ። ፀሐይ ወደሷ ትስባታለች፣ እሷ ደሞ ዙሪያዋን ትሮጣለች፤ በራሷም ትሾራለች፣ አርፋ አታውቅም። ሳትንገጫገጭ ስለምትሄድ፣ እኛም አየሩም አብረናት ስለምንዞር ነው የማይሰማን።»

አይ እናቴ! ይህን ሳትሰሚ አለፍሽ! እንደ ምድር ሁኚ ስትዪኝ፣ ለካ ሆኜልሽ ነበር።

ዛሬ ውሃው ደስ ባለው ቀን ከቧንቧ ይመጣል፣ የገደሉን መንገድም ሣር ውጦታል። እኔ ስጠይቅ ዋንጫ አስይዘው ይሰዱኝ ነበር፤ ይቺ ልጅ ስትጠይቅ መጽሐፉ ይመልስላታል፣ ጥያቄዋም ቁጭ ብሎ ያድርላታል። የኔ ግን ይኸው አሁንም እግር አለው። ሐሙስና ዓርብ ቆፋሪዎቹ አልመጡም ነበር፣ የጎረቤታችን ጉድጓድም እንደተከደነ ሰንብቷል፤ ዛሬ ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ገመድ ሲፈታ ሰማሁ። ብድግ ብዬ መሳቢያውን ስጎረጉር ሕሊና አየችኝ።

«ደሞ ወዴት ነው እማማ? አርፈው ይቀመጡ እንጂ!»

«አርፌያለሁ ልጄ፣ እንደ ምድር» አልኋትና፣ ጧፌን ይዤ ወጣሁ።