ለእንግዳ የተቆለፈ ወረቀት

ባለፈው ሳምንት የልጄን የሠርግ ፎቶ ላሳትም አትላስ አካባቢ ወዳለ አንድ ማተሚያ ቤት ገባሁ። ፎቶው ሲወጣ ልጄ በሠርጓ ቀን ወባ የያዛት መስላለች። ለሠራተኛዋ ነገርኳት።

"ጋሼ፣ ማሽናችን እኮ ካሊብሬትድ ነው፣ ቀለሙ ተስተካክሏል። ትናንት ቼክ አድርገነው ፓስ ብሏል" አለችኝ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል።

"በየትኛው ወረቀት ነው የፈተናችሁት?"

"ወረቀት ያው ወረቀት ነው፣ ጋሼ!" ብላ ሳቀች።

ደሜ ፈላ። ፎቶውን ጥዬላት ወጣሁ። ቦሌ አራብሳ ቤቴ እስክደርስ ታክሲ ውስጥ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ነበር።

በዚህ ከተማ ቀለምን እንደ እኔ የሚያውቅ ካለ ይምጣና እንተያይ። ማንም አላስተማረኝም። ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁ ሰው፣ የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት ገጽ በገጽ ፈትቼ ነው የተማርኩት። ዲግሪ የጫኑ ሰዎች ሲቸግራቸው የሚጠሩት እኔን ነበር።

ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። የምሠራው ኦሎምፒያ አጠገብ በነበረ ማተሚያ ቤት ነው። ባለቤቱ ጋሽ መኮንን ትልቅ የቀለም ፕሪንተር አስመጡ፤ ሻጩም መሐንዲስ ልኮ ፕሮፋይል ሠራለት። ፕሮፋይል የሚባለው ለማሽኑ የሚሰጥ መመሪያ ነው፤ በዚህ ወረቀት ላይ ይህን ያህል ቀይ፣ ይህን ያህል ቢጫ ጣል ይለዋል። ወረቀቱ ከተቀየረ መመሪያው ውሸት ይሆናል። መሐንዲሱ በየጊዜው እየመጣ ይፈትን ነበር። ትናንሽ ባለቀለም ካሬዎች የሞሉበት ገበታ ያትማል፣ እያንዳንዱን በመለኪያ ይነካል፣ ቁጥሩ ከተፈለገው ካልራቀ ፈርሞ ይሄዳል።

ጋሽ መኮንን ግን ፕሮፋይሉ የተሠራበትን ውድ ወረቀት እንደ እንግዳ ብርጭቆ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። መሐንዲሱ ሲመጣ ይወጣል፣ ሲሄድ ይቆለፋል። የደንበኛ ሥራ የሚታተመው ከመርካቶ በሚመጣ ስስ ወረቀት ላይ ነው። ማጭበርበርም አይመስላቸውም ነበር፤ ጥሩውን ለእንግዳ ማቅረብ ጨዋነት ነው ብለው ከልባቸው ያምናሉ።

ክረምት ነበር። ጠዋት ፉል በቃሪያ በልቼ፣ ላቤ በግንባሬ እየወረደ፣ በር ላይ የጫማዬን ጭቃ ስጠርግ ወይዘሮ ለተብርሃን ተከትለውኝ ገቡ። በሰፈሩ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ለእናታቸው ሙት ዓመት እኛ ዘንድ ያሳተሙትን ትልቅ ፎቶ ከላስቲክ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት።

"እናቴ ታማ እንኳ እንዲህ ያለ ፊት አልነበራትም! ነገ ዘመድ ይሰበሰባል። ይህን ነው የምሰቅለው?"

መሐንዲሱ የዚያን ዕለት በማለዳ መጥቶ ፍተሻውን ጨርሶ ሊፈርም እስክሪብቶ ይዟል። "ማሽኑ ምንም የለበትም፤ ቁጥሮቹ ሁሉ ትክክል ናቸው" አለ።

ጋሽ መኮንን ወደ እኔ ዞሩ። "ያልተማረ ሰው ማሽን ላይ ሲቀመጥ እንዲህ ነው፣ ወይዘሮ። ዘውዱ፣ ዕቃህን ሰብስብ!"

ያልተማረ! ያንኑ ገበታ በመርካቶው ወረቀት አትሜ ለመሐንዲሱ ሰጠሁት። ጥቂት ካሬዎች እንደለካ ፊቱ ተለወጠ።

"ይህ ወረቀት ከየት መጣ?"

"በየቀኑ የምናትምበት ነው። አንተ የምትፈትነው ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቆለፈውን ነው" አልኩት።

"ታዲያ ለእንግዳ ተራ ወረቀት ላቅርብ እንዴ?" ብለው ጮኹ ጋሽ መኮንን።

"ፎቶውን ቤታቸው የሚሰቅሉት እሳቸው ናቸው! ቁልፉን ያምጡ!"

እንደዚያ ጮኼባቸው አላውቅም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። ፎቶውን በደህናው ወረቀት ሳትመው ጠይም፣ ደርባባ እናት ብቅ አሉ። ወይዘሮ ለተብርሃን ጎንበስ ብለው ብዙ አዩዋቸው። መሐንዲሱ ሳይፈርም እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ጋሽ መኮንን ዕቃ ሰብስብ ያሉትን ደግመው አላነሱትም። እኔ ደረቴን ነፍቼ ምስጋና ስጠብቅ ሴትዮዋ ቀና አሉ።

"አንተ፣ ይህን መቼ ነው ያወቅከው?"

"ቆይቷል፣ እትዬ።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ አፍህን ምን ዘጋው?"

መልሴን ሳይጠብቁ ፎቷቸውን ጠቅልለው ወጡ።

ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አውቅ ነበር። እንጀራዬን ፈርቼ ዝም አልኩ፤ አፌን የከፈትኩት የገዛ ስሜ ሲነካ ነው። የአትላሷ ልጅ እንኳ ሳታውቅ ነው የሳቀችው፤ እኔ ግን እያወቅሁ ነበር የማትመው። ቀለም አዋቂ ነኝ ማለቴን ዛሬም አልተውም፤ እውነት ነውና። ነገር ግን ከወይዘሮ ለተብርሃን በፊት ስንት ሰው የሟቹን ፎቶ ከእጄ ተቀብሎ፣ አመስግኖኝ ሄደ? እነዚያ ፎቶዎች ዛሬም በየሳሎኑ ተሰቅለው ይሆናል። ሟቾቹን በሕይወት ያላዩ የልጅ ልጆችም አያታችን መልካቸው እንዲህ ነበር እያሉ ያድጋሉ።