አሰፋችና የማኅተም አበባዎቿ

አሰፋች ጎረቤቴ ናት። ዲላ፣ ከመናኸሪያው በታች ባለው ሰፈራችን፣ አሮጌ ጀሪካንና የተሰነጠቀ እንስራ እየሰበሰበች የአበባ መትከያ ትሠራለች። ተማሪ የጣለውን ደብተር፣ ከቢሮ የተጣለውን ወረቀት በዱቄት ሙጫ ትለጥፍባቸውና ቫርኒሽ ትቀባቸዋለች። ፊደል ስላልቆጠረች ወረቀት የምትመርጠው በቀለሙ ነው። ከሁሉ የምትወደው ሐምራዊ ክብ ማኅተም ያለበትን ነበር። «እማማ፣ ይሄ እኮ የፈካ አበባ ነው» ትለኛለች። እኔ በስልሳ ዓመቴ ማንበብ ተምሬያለሁና ሳትለጥፍ በፊት ታሳየኝ ነበር። ወናጎ ለቅሶ የሄድኩ ቀን ግን የሚያይላት ሰው አልነበረም።

ስመለስ ጩኸቷ መንገድ ላይ ተቀበለኝ። ባሏ ሲላስ ዶማ ይዞ ግቢው መሃል ቆሟል። ከወንድሙ ጋር ለሚሟገትበት የቡና መሬት ማስረጃው አንድ የይዞታ ወረቀት ብቻ ነበር። አልጋ ስር ካስቀመጠበት ከረጢት አጥቶታል።

«የት አደረግሽው?»

«የተጣለ መስሎኝ... ለጠፍኩት።»

በጥፊ ጣላት። ልትነሳ ስትል በዶማው እጀታ ክንዷን መታት። አጥንቷ ሲሰበር በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁት። መሃላቸው ስገባ ገፍትሮ ከአጥሩ ጋር አላተመኝ። ከዚያ ወደ መትከያዎቹ ዞረ። እንስራዎቹን አንድ በአንድ ፈለጣቸው፤ ገሉ ተፈናጥሮ ግንባሯን አደማት።

«ሲላስ፣ ቆይ። አንዱ ላይ ይኖራል፣ ላንብብልህ» አልኩት።

«በስተርጅና ፊደል ቆጥረሽ ዳኛ ልትሆኚብኝ ነው?» አለና የቀረውን አደቀቀው።

ሰፈሩ ተረባርቦ ከያዘው በኋላ ስብርባሪውን አገላበጥኩ። አሰፋች ወረቀቱን ለመቁረጥ ሳስታ ሙሉውን ለጥፋው ኖሯል። የአባቱ ስም በቫርኒሹ ስር በሦስት ገል ላይ ተከፋፍሏል። ዶማው ያረፈው ማኅተሙ ላይ ነበር፤ ማኅተሙ ከነገሉ ዱቄት ሆኗል።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሶንጎ በሚባለው የጌዴኦ ሸንጎ ተቀመጡ። እዚያ መዋሸት ነውር ነው።

«ወረቀቱን የለጠፈችው እሷ ናት። የሰበረውስ?» ብለው ሲላስን ጠየቁት።

«እኔ።»

«ክንዷንስ?»

 

«እኔ» አለ መሬት መሬት እያየ።

ካሳ ፈረዱበትና እሷን ወደ ቤቷ እንድትመለስ ለመኗት።

«ካሳውን እቀበላለሁ፤ እሱ ቤት ግን አልገባም» አለቻቸው።

አሁን ከእኔ ጋር ናት። ክንዷ ጠሞ ስለገጠመ ጀሪካኑን በጉልበቷ ይዛ ትለጥፋለች። ሲላስ አንዳንዴ በአጥሩ ጥግ ያልፋል። ሲያልፍ እጇ ይቆማል፤ እኔም ተነስቼ የበሩን መቀርቀሪያ እወረውራለሁ።