ለበጀት ስብሰባ ቅንጬ ይዘው የሄዱት አዴ ከድጃ

ዛሬ ጠዋት መርዶውን የነገረችኝን ሴት «ውሸትሽን ነው» አልኳት። ትናንት እኮ በስልክ ስለ ጨው ተቆጥተውኛል። «ልጆቹ ውኃ ውኃ ሲሉ ይውላሉ፣ ቀንሺ» ብለውኛል። በጨው የተቆጣ ሰው በማግስቱ እንዴት ይሞታል?

እዚህ ላይ ከማንበብ በቀር ብዙ አልጽፍም። ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ለማታውቋቸው፦ አዴ ከድጃ አሰላ ውስጥ ብዙ ዘመን ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ከትምህርት ቤት ያልወጡ እናት ነበሩ። እኔ የተማሪዎቹን ቁርስ ከሚያበስሉት ሴቶች አንዷ ነኝ። ሥራው ላይ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ልጄን ባዶ ሆዷን ትምህርት ቤት የላክሁባቸው ጠዋቶች እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጡም። ይህን ስነግራቸው አልመከሩኝም፣ አላጽናኑኝም። «ኢንተላ ኮ፣ ነገ በጠዋት ነይና ድስት አማስዪ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

ቁርሱን የሚረዳው ድርጅት «ፕሮጀክቱ አልቋል» ብሎ የሄደ ጊዜ ሁላችንም ሌላ ረጂ እንፈልግ አልን። እሳቸው እምቢ አሉ። «ረጂ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። ይህ በመንግሥት በጀት ውስጥ መግባት አለበት» አሉ።

ከክልል ሰዎች ለበጀት ውይይት ሲመጡ አስከትለውኝ ሄዱ። ክዳን ያለው የእንጨት ሳህን ይዘዋል። እኛ አገር ለተከበረ እንግዳ ጩኮ ይቀርባል፤ በቅቤ የራሰ የገብስ ዱቄት ነው። ሰዎቹም ሳህኑን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«አዴ፣ ጩኮ ይዘውልን መጡ? በቃ በጀቱ ጸድቋል!» ብሎ አንዱ ቀለደ።

ክዳኑን አነሱት። ደረቅ ቅንጬ ነው።

«ዘይት የለውም እንዴ?»

«ዘይቱ ከድርጅቱ ጋር ሄዷል። ከሰኞ በኋላ ቅንጬውም የለም። ልጆቹ የሚበሉት ይህንን ነው፣ ቅመሱት።»

«እንግዲህ እናስብበታለን፣ አዴ።»

«እያሰባችሁ ብሉ።»

በሉ! ክራቫት ያሰረው ሁሉ ቅንጬውን ሲያኝክ፣ እኔ ሳቄን በነጠላዬ ጫፍ አፈንኩት። እሳቸው ግን አልሳቁም። «የመኪናችሁ ነዳጅ በጀት ውስጥ አለ። የእነዚህ ልጆች ቁርስ በየትኛው ገጽ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ከዚያ በኋላ ቃል የገባላቸውን ሁሉ የሚጠይቁት ይህንኑ ነበር፦ «በየትኛው ገጽ ነው?» ከሩቅ ሲያዩአቸው በጓሮ በር የሚወጡ ኃላፊዎች ነበሩ። እሳቸውም ጓሮ ዞረው ይጠብቋቸዋል። እስከዚያው ቁርሱ እንዳይቋረጥ ከነጋዴውም ከገበሬውም ስንዴ እየለመንን አበሰልን።

በጀቱ የጸደቀ ዕለት ወረቀቱን አምጥተው «አንቺ አንብቢልኝ» አሉኝ። ፊደል ያወቅሁት በልጄ ደብተር ነውና ቀስ እያልኩ አነበብኩ፤ የተማሪዎች ምገባ፣ ከመንግሥት ግምጃ ቤት። «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። ዓይናቸውን በሻሻቸው ጠረጉና ወዲያው «የጎበሳ ልጆችስ?» አሉ። በሳምንቱ እዚያው አርሲ፣ ጎበሳ ከተማ ነበሩ።

አዴ፣ ዛሬ ለቅሶዎ ላይ አርፍደን የገባነው የወጥ ቤቱ ሴቶች ነን። መርዶው ሲደርሰን ልጆቹ ሳህን ሳህናቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ድስቱን ጥለን ልንሮጥ በር ላይ ደረስን፤ እርስ በርስ ተያየንና ተመለስን። እያለቀስን ጨለፍን። የመጨረሻው ልጅ በልቶ ክፍል ሲገባ ወደ ቤትዎ መጣን፤ ያን ጊዜ እርስዎን ወደ መቃብር ወስደውዎታል።

ፊትዎን ሳላይ ቀረሁ። እንደማይቆጡኝ ግን አውቃለሁ።

ደህና ይሁኑ፣ እናቴ። ልጆቹ በልተዋል።