ያልተከፈተው ሻይ ቅጠል

ይህች ሴት በኬንያ በኩል ሞያሌ ኬላው አጠገብ ወዳለችው የዋሪቱ ሻይ ቤት ስትመጣ ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። በዚህ ሁሉ አቧራ ጫማዋ አይቆሽሽም። ከኢትዮጵያ በተሻገሩት ሾፌሮች መሀል ትቀመጥና በግመል ወተት የፈላውን ሻይ ፉት ብላ፣ «ወይ ጉድ! ይሄ አዲሱ ሻይ ቅጠል ነው። ነጋዴ አይደለሁም፤ ጣዕሙ ገርሞኝ ነው» ትላለች። ወዲያው ስልክ ቁጥራቸውን ተቀብላ «የሻይ ቤተሰብ» የተባለ የዋትሳፕ ግሩፕ ውስጥ ትከታቸዋለች። ትናንት ሻዩ የልጇን ሳል አጥፍቶላት ነበር፤ ዛሬ ሲጠይቋት ልጅ የላትም። ዋሪቱ አላመነቻትም። ሴትዮዋ አዲሱን አፍዪ ብላ በነጻ የሰጠቻት እሽግ እንኳ ገና አልተከፈተም።

ዋሪቱ ጠጋ ብላ በጆሮዋ፣ «ማማ፣ የጠጣሽው የድሮውን ነው» አለቻት።

ሴትዮዋ አልደነገጠችም። «አውቃለሁ» አለች ኩባያዋን እየዘረጋች። «የቀጠሩኝን ሰዎች ሻይ ቢሆን መች እጠጣው ነበር? ድገሚኝ።»